በግድግዳ ላይ የሚሠራ ሳሙና

በመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ላይ ቀስ በቀስ የሚጋገረው ግራጫማ ነጭ ሽፋን በተለምዶ «የሳሙና እድፍ» ይባላል። ስሙ ግማሽ እውነት ነው። ሽፋኑ ከሳሙና መምጣቱ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ሳይታጠብ የቀረ ሳሙና አይደለም። ሳይታጠብ የቀረ ሳሙና ቢሆን ኖሮ በአንድ ጆግ ውሃ ወርዶ በሄደ ነበር። ግድግዳው ላይ የሚቀረው፣ ሳሙናው ውሃ ውስጥ ከሟሟ ማዕድን ጋር ተዋህዶ እዚያው የፈጠረው አዲስ ነገር ነው። ኬሚስቶች ይህንንም ሳሙና ይሉታል፤ የካልሲየም ሳሙና። ውሃ የማያሟሟው፣ አረፋ የማይሰጥ፣ ምንም የማያጥብ ሳሙና ነው። ይህ ልዩነት ሳይታወቅ ሲቀር በብዙ ቤት የሚሆነው ይሆናል፤ እድፉ በሳሙና እየተፈተገ ሌላ እድፍ ይጨመርበታል።

የሳሙናው ጠባይ

ማንኛውም የተለመደ ደረቅ ሳሙና በመሠረቱ የሚሠራው ከስብና ከካስቲክ ሶዳ ነው። ስቡ የከብት ሞራ፣ የዘንባባ ዘይት ወይም የኮኮናት ዘይት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሲዋሃዱ ስቡ ይፈርስና በውስጡ የነበሩት የስብ አሲዶች ከሶዲየም ጋር ይጣመራሉ፤ ግሊሰሪን ለብቻው ይወጣል። የተገኘው የሳሙና ሞለኪውል እንደ ክብሪት እንጨት ራስና ረጅም ዘንግ አለው። ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራው ዘንግ ውሃ ይጠላል፣ ቅባት ይወዳል፤ ራሱ ደግሞ ውሃ ይወዳል። ገላ ሲታጠብ ዘንጎቹ ቅባቱ ውስጥ ይሰካሉ፣ ራሶቹ ወደ ውሃው ይዞራሉ፤ ቅባቱም ዙሪያውን ተከቦ ከቆዳ ይነሳና ከውሃው ጋር ይሄዳል።

ይህ ሁሉ የሚሳካው ሶዲየሙ ቀለል ያለ አጣማሪ በመሆኑ ነው። ሶዲየም አንድ የኤሌክትሪክ ሙል ብቻ ስላለው ከአንድ የስብ አሲድ ጋር ይጣመራል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባም በቀላሉ ይለቀዋል። ካልሲየምና ማግኒዚየም ግን ሁለት ሁለት ሙል አላቸው። አንድ ካልሲየም ሁለት የሳሙና ራሶችን በአንድ ጊዜ ይጨብጣል። ውሃ የሚወዱት ራሶች መሃል ገብተው ይታሸጋሉ፤ ውሃ የሚጠሉት ዘንጎች በውጭ በኩል ይቀራሉ። ውጤቱ ውሃን የሚገፋ፣ ሰም መሰል ቅንጣት ነው። ሁለት የሳሙና ሞለኪውሎች ሥራቸውን ሳይሠሩ ጠፍተው አንድ የእድፍ ሞለኪውል ተወለደ ማለት ነው።

የስብንና የሳሙናን ውስጣዊ አሠራር መጀመሪያ የፈታው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭሮል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1811 ከአሳማ ስብና ከፖታሽ የተሠራ ሳሙና ሲመረምር ሳሙናው በአሲድ እንደሚፈርስና ከውስጡ አሲድነት ያለው የስብ ክፍል እንደሚወጣ አየ። የዓመታት ምርምሩን በ1823 በመጽሐፍ አሳተመ፤ ዛሬ በሳሙና መጠቅለያ ላይ በተለያየ መልክ የሚነበቡት ስቴሪክና ኦሌይክ የተባሉት የስብ አሲዶች ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ሥራ ነው። ሼቭሮል በ1786 ተወልዶ በ1889 በ102 ዓመቱ ሞተ። በሳሙና ላይ በአሲድ ያደረገው ሙከራ ከዚህ በታች በአቼቶ ጠርሙስ ተመስሎ ይመለሳል።

ሳሙና የሚበላ ውሃ

እድፉ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጋገር ከሁሉ በላይ የሚወስነው ውሃው ነው። ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ ካልሲየም የለበትም ማለት ይቻላል። በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ሲሰርግ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ለስለስ ያለ አሲድ ይሆናል፤ የኖራ ድንጋይ ካጋጠመውም ካልሲየሙን እያሟሟ ይወስዳል። በዝናብ ውሃ ልብስ ሲታጠብ አረፋው ቶሎ የሚነሳው ውሃው ካልሲየም ስለሌለበት ነው።

ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ጠንካራ፣ ያነሰበት ለስላሳ ይባላል። መጠኑ የሚገለጸው ሁሉም ካልሲየም ካርቦኔት እንደሆነ ተቆጥሮ በሊትር በሚሊግራም ነው። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም በሚጠቀምበት አመዳደብ እስከ 60 ሚሊግራም ያለው ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከዚያ በላይ ያለው በጣም ጠንካራ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ወደ ሳሙና ሲመነዘሩ ክብደታቸው ይታያል። ሳሙናው ሙሉ በሙሉ ሶዲየም ስቴሬት ነው ተብሎ ቢሰላ፣ 300 ሚሊግራም ጥንካሬ ያለው አንድ ሊትር ውሃ 1.8 ግራም ያህል ሳሙና ያጠፋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ ወደ 37 ግራም ሳሙና ከበላ በኋላ ነው አረፋ መስጠት የሚጀምረው። ጥንካሬው 50 ሚሊግራም የሆነ ውሃ በዚያው ጀሪካን 6 ግራም ብቻ ይበቃዋል። በሁለቱም በኩል የጠፋው ሳሙና ክብደቱን እንደያዘ ማለት ይቻላል ወደ እድፍነት ይለወጣል። እርግጥ ገላ ሲታጠብ ሳሙናው የሚገናኘው ከሚፈስሰው ውሃ ከፊሉ ጋር ብቻ ነው፤ ቢሆንም በየቀኑ የሚቀረው ጥቂት ግራም በወር ውስጥ ግድግዳ ለማልበስ አያንስም።

ይህን የሳሙና ብክነት ወደ መለኪያነት የለወጠው በአበርዲን ያስተምር የነበረው ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ክላርክ ነው። የሚመረመረው ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይደረጋል፤ መጠኑ የታወቀ የሳሙና ሙሙት ጠብ ጠብ እየተደረገ ይናጣል፤ አረፋው ሳይጠፋ አምስት ደቂቃ ሲቆይ የገባው ሳሙና ይቆጠራል። ብዙ ሳሙና የበላ ውሃ ብዙ ካልሲየም አለው ማለት ነው። ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1841 ውሃን በኖራ የማለስለሻ ዘዴም በስሙ አስመዝግቧል፤ በብሪታንያ የውሃ ጥንካሬ መለኪያ የሆነ አንድ ዲግሪም በስሙ ይጠራል።

በኢትዮጵያ ውስጥ ልዩነቱ እንደ ድንጋዩ ነው። የመቀሌና የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ የሚመጣው ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሆነ በጥንካሬው የታወቀ ነው፤ በእነዚህ ከተሞች ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ቢያወጣ የሚደነቅ የለም። አዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ውሃ ትጠጣለች። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው የዝናብና የወንዝ ውሃ በአመዛኙ ለስለስ ያለ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው ድንጋይ ውስጥ የቆየ ውሃ የበለጠ ማዕድን ይይዛል። በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት ቤቶች በአንድ ዓይነት ሳሙና እየታጠቡ የአንዱ ሴራሚክ ቶሎ የሚደበዝዘው የሌላው የማይደበዝዘው ለዚህ ሊሆን ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ለጥርስ የከፋው ውሃ ለሴራሚክ የተሻለ ሆኖ መገኘቱ የሚያጽናና ነገር አይደለም።

ወደ ውጭ የሄደም ሰው ከውሃው አያመልጥም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ላስ ቬጋስ ከኮሎራዶ ወንዝ የምታገኘው ውሃ በሊትር ከ250 ሚሊግራም በላይ ጥንካሬ አለው። ለንደንም የምትጠጣው ከነጭ የኖራ ድንጋይ የወጣ ጠንካራ ውሃ ነው።

ለምን አይለቅም?

ካልሲየም ስቴሬት በግድግዳ ላይ እድፍ ይባል እንጂ ፋብሪካዎች ሆን ብለው የሚያመርቱት ነገር ነው። ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ በሲሚንቶ ውጤቶች ውስጥ ይጨመራል። ፕላስቲክ ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ ያገለግላል። የማግኒዚየሙ ወንድም ብዙ ኪኒኖች ሲታተሙ ከማሽኑ ጋር እንዳይጣበቁ በውስጣቸው ይገባል፤ በመጠኑ ያልዋጠው ሰው ጥቂት ነው። ጋራዥ ውስጥ ግራሶ ከሚባለው ማለስለሻም አንዱ ዓይነት የሚሠራው ዘይትን በካልሲየም ሳሙና በማወፈር ሲሆን፣ የሚመረጠውም ውሃ ስለማያጥበው ነው። የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ በሌላ አነጋገር በቀጭኑ ግራሶ እየተቀባ ይኖራል። ግራሶን በውሃ ለማስለቀቅ የሚሞክር መካኒክ የለም።

ሙቀትም ብቻውን ብዙ አይረዳም። ካልሲየም ስቴሬት ለመቅለጥ ከ100 ዲግሪ በብዙ የሚበልጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከቦይለር የሚወርደው ውሃ አጠገቡም አይደርስም። ሙቅ ውሃ የሚያለሰልሰው ከእድፉ ጋር የተደባለቀውን የገላ ቅባት ነው። ቤኪንግ ሶዳም እንዲሁ፤ አልካሊ ስለሆነ ቅባቱን ያነሳል፣ በደቃቅ ቅንጣቱም ትንሽ ይፍቃል፣ ካልሲየሙን ግን ከስብ አሲዱ አያላቅቀውም።

የእውነተኛው ግድግዳ ሽፋን ደግሞ ንጹሕ የካልሲየም ሳሙና አይደለም። የገላ ቅባት፣ የሞተ ቆዳ፣ አቧራ፣ የሻምፖ ቅሪት ይገባበታል። ውሃው በደረቀ ቁጥር ካልሲየም ካርቦኔት በላዩ ይጋገራል። ሕይወት ያለውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በሻወር መጋረጃ ላይ የተጋገረውን የሳሙና እድፍ በዘረመል መርምሮ ባክቴሪያዎች ተደራጅተው የሚኖሩበት ሆኖ አግኝቶታል፤ ስፊንጎሞናስና ሜቲሎባክቴሪየም የተባሉት ወገኖች በዝተው ነበር። በሳሙና ማስቀመጫው ሥርና በመገጣጠሚያዎች ላይ የሚታየው ሮዝ ልጋግ ባክቴሪያ ነው። ጥቁሩ ነጠብጣብ ግን ሻጋታ ሲሆን የሚወገድበት መንገድም የተለየ ነው።

ስለዚህ ከጽዳቱ በፊት የሽፋኑ ዓይነት ይለያል። በጥፍር ሲፋቅ እንደ ሻማ ሰም የሚነሳ፣ በጣት ሲዳሰስ የሚያዳልጥ ወይም የሚያጣብቅ ከሆነ የሳሙናው ወገን አይሏል። ጠጣር፣ ሻካራና በጥፍር የማይነሳ ሆኖ አቼቶ ሲነካው ደቃቅ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ የውሃው ኖራ ነው። በቧንቧ አፍና በሻወር ራስ ዙሪያ ያለው በአብዛኛው ኖራ፣ ገላ በሚታጠብበት ከፍታ ግድግዳው ላይ ያለው በአብዛኛው ሳሙና ነው። ሁለቱም ለአሲድ ይሸነፋሉ፤ የሳሙናው ግን ከአሲድ በኋላ ሌላ ሥራ ይቀረዋል።

ሁለት እርምጃ ያለው ሥራ

ሼቭሮል በሳሙናው ላይ እንዳደረገው፣ አሲድ በካልሲየም ሳሙና ላይ ሲፈስስ ካልሲየሙ ከአሲዱ ጋር ይሄዳል፤ የስብ አሲዱ ነጻ ይወጣል። አቼቶ ከሆነ ካልሲየም አሲቴት ይፈጠራል፤ ይህ በውሃ ይሟሟል። ችግሩ ያለው በቀረው ነው። ነጻ የወጣው ስቴሪክ አሲድ ራሱ ሻማ የሚሠራበት ሰም ነው፤ የሚቀልጠውም በ69 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። አቼቶ ይረጫሉ፣ ይጠብቃሉ፣ በውሃ ያለቀልቃሉ፤ ግድግዳው ሲደርቅ ደብዘዝ ብሎ ይጠብቃቸዋል። አቼቶው ሥራውን ሠርቷል፤ ሰሙን ጠርጎ የሚያወጣ ግን አልተከተለውም።

ሰሙን የሚያነሳው ዲተርጀንት ነው፤ ማለትም ከስብ አሲድ ጨው ሳይሆን በሌላ ኬሚስትሪ የተሠራ አጣቢ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ሰው «ላርጎ» እያለ የሚጠራው ዓይነት፣ ስሙ ሳሙና ቢሆንም በአብዛኛው ዲተርጀንት ነው። ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል አይፈርስም፤ ከካልሲየም ጋርም እንዲህ ያለ ዝቃጭ አይሠራም። ስለዚህ ሁለቱ እርምጃዎች በአንድ ጠርሙስ ሊገቡ ይችላሉ፤ አንድ እጅ አቼቶ፣ አንድ እጅ ለብ ያለ ውሃ፣ በላዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ። ደረቅ ሳሙና ተፍቆ አቼቶ ውስጥ ቢገባ ግን አቼቶው ሳሙናውን ራሱን ያፈርሰዋል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የሚንሳፈፈው ነጭ ፍርፋሪ የስብ አሲድ ነው። ኦሞና ሌሎች ዱቄት ሳሙናዎች ደግሞ አልካሊ ስላለባቸው አቼቶውን ያደክሙታል፤ የእነሱ ቦታ ከአሲዱ ቀጥሎ እንጂ ከአሲዱ ጋር አይደለም።

በዚሁ ምክንያት አቼቶና ቤኪንግ ሶዳን መቀላቀል ትርፉ ትዕይንት ነው። አረፋው ሲገነፍል ሥራ የሚሠራ ይመስላል። የሚገነፍለው ግን አሲዱና አልካሊው ሲጠፋፉ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው እድፉን የማይነካ የሶዲየም አሲቴት ውሃ ነው። ሁለቱም በየተራ ይጠቅማሉ፤ ተቀላቅለው አንዱም አይጠቅም።

አሲዱ ይበቃ እንደሆነ ማስላት ይቻላል። 5 በመቶ አሲድ ያለው አንድ ሊትር አቼቶ በወረቀት ላይ 250 ግራም ያህል ካልሲየም ስቴሬት የማፍረስ አቅም አለው፤ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ይህን ያህል እድፍ አይገኝም። የሚያጥረው ጊዜና ንክኪ ነው። እድፉ ውሃ ስለሚገፋ አቼቶው ጠብታ እየሆነ ይንከባለላል፤ ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ ደግሞ በደቂቃ ውስጥ ወርዶ ያልቃል። የዕቃ ማጠቢያው ፈሳሽ አንዱ ጥቅም ውሃው እድፉን እንዲያርስ ማድረጉ ነው። ሌላው መላ የመጸዳጃ ወረቀት ወይም አሮጌ ጨርቅ በውህዱ ነክሮ በግድግዳው ላይ መለጠፍ ነው፤ እንዲህ ከተደረገ አሲዱ ሳይደርቅ ግማሽ ሰዓት ይሠራል። ይህን የሚያህል ውጤት በጉልበት ፍተጋ አይገኝም።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ መስኮት ይከፈታል፣ ጓንት ይጠለቃል። ግድግዳው በሙቅ ውሃ ይረጥባል፤ ይህ የገላውን ቅባት ከማለስለሱም ሌላ በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን የሲሚንቶ መገጣጠሚያ በውሃ ስለሚሞላው አሲዱ ወደ ውስጥ አይሰርግም። ውህዱ ከታች ወደ ላይ ይቀባል፤ ከላይ ቢጀመር ወደ ደረቁ እድፍ የሚወርደው ፈሳሽ መስመር እየሠራ ያስቸግራል። ስስ ለሆነ እድፍ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በስፖንጅ ወይም ለስላሳ ፀጉር ባለው ብሩሽ ይታሻል፤ በሙቅ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይለቀለቃል፤ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ሲደርቅ ደብዘዝ ያለ ቦታ ከታየ የቀረው የስብ አሲድ ነው፤ አቼቶ ሳይጨመር የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ወይም የኦሞ ሙሙት በሙቅ ውሃ ተበጥብጦ ይታሻል። ለዓመታት የተከማቸ ሽፋን በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ አሲዱ የሚያፈርሰው የላይኛውን ንብርብር ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይጠይቃል።

ሎሚም አቼቶን ይተካል። ጭማቂው ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ ካልሲየምን ከማላቀቁም በላይ ጨብጦ ይይዘዋል። ለአንድ ግድግዳ የሚበቃ ሎሚ መጭመቅ ግን አያዋጣም፤ ለቧንቧ አፍና ለትንሽ ቦታ ይቀመጥ። ሱቅ ውስጥ ያሉት የመታጠቢያ ቤት ማጽጃዎች ከዚህ ሁሉ የራቁ አይደሉም፤ አብዛኞቹ ሲትሪክ፣ ላክቲክ ወይም ሰልፋሚክ አሲድን ከዲተርጀንት ጋር ያደባለቁ ናቸው። አንዳንዶቹ በአሲድ ፋንታ ኢዲቲኤ የተባለውን ካልሲየም ጨባጭ ይጠቀማሉ።

አሲድ ሊነካቸው የማይገባ ቦታዎች

የሴራሚክ ፊት በእሳት የቀለጠ ብርጭቆ ነው፤ አቼቶ አይጎዳውም። በዙሪያው ያለው ግን ሁሉ እንደሱ አይደለም። እብነበረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ማለትም አሲዱ እንዲያጠፋው የሚፈለገው ያው ኖራ በድንጋይነት። አንድ ጠብታ አቼቶ ወይም ሎሚ በተወለወለ እብነበረድ ላይ ጥቂት ቢቆይ ደብዛዛ ክብ ይተዋል። ክቡ እድፍ ስላልሆነ አይታጠብም፤ ድንጋዩ ራሱ ተበልቷል፤ የሚመልሰው እንደገና በማሽን መወልወል ብቻ ነው። የእብነበረድ ስባሪ ከሲሚንቶ ጋር የተጣለበት ቴራዞም እንዲሁ ይጎዳል። ኢዲቲኤ ያለባቸው ማጽጃዎች አሲድ ባይሆኑም ካልሲየሙን ከድንጋዩ ላይ ሊመዝዙ ስለሚችሉ ለእብነበረድ አስተማማኝ አይደሉም። ለእሱ የሚስማማው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ ሙቅ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅና ትዕግሥት ነው።

ለሽንት ቤት ጽዳት በጠርሙስ የሚሸጠው ኃይለኛ አሲድ፣ በአብዛኛው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ለዚህ ሥራ መምጣት የለበትም። እድፉን ያነሳል፤ አብሮም የመገጣጠሚያውን ሲሚንቶ ይበላል፣ የቧንቧውን ክሮም ይልጣል፣ ጭሱ ሳንባ ያቃጥላል። መገጣጠሚያው ከተበላ በኋላ ውሃ ወደ ግድግዳው እየሰረገ የሚያደርሰው ጉዳት ከእድፉ ይብሳል።

በረኪና ለየት ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። በረኪና የካልሲየም ሳሙናን አያሟሟም፤ ሻጋታውን ይገድላል፣ ቀለሙንም ያነጣል፤ በዚህም የነጣው እድፍ የጸዳ ይመስላል። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ግን ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1915 ቤልጂየም ውስጥ በኢፕር አካባቢ የጀርመን ጦር በጠላት ምሽግ ላይ የለቀቀው ጋዝ ይኸው ነው። መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ሻወር ቤት አቼቶ በተቀባ ግድግዳ ላይ በረኪና ማፍሰስ ሐኪም ቤት ያደርሳል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይሰጣል። ሻጋታም እድፍም ካለ መጀመሪያ እድፉ በአሲድ ይነሳል፣ ግድግዳው በብዙ ውሃ ይለቀለቃል፣ በረኪናው በሌላ ቀን ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ለጤና ብቻ ሳይሆን ለውጤትም ነው፤ ሻጋታው ከሰሙ ሥር ተሸፍኖ ሳለ በረኪና አይደርስበትም።

እንዳይጋገር

እድፉ የሚወለደው ሁለት ነገር ሲገናኝ ስለሆነ አንዱን ማራቅ ይበቃል። ውሃውን በሙሉ የሚያለሰልስ መሣሪያ አለ፤ ካልሲየሙን ይዞ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል፤ በየጊዜውም በጨው ይታደሳል። ዋጋው ግን ለሁሉም ቤት አይደለም። ሳሙናውን መቀየር ይቀላል። በፈሳሽ የሚሸጡት የገላ መታጠቢያዎች በአብዛኛው ዲተርጀንት ናቸው። በደረቅ መልክም ይገኛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካ ውስጥ ገበያ የወጣው ደቭ ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፣ ዋናው አጣቢው የተለመደ ሳሙና አይደለም። በእንዲህ ያለው የሚታጠብ ቤት ሴራሚኩ ላይ የሚቀረው በአብዛኛው የውሃው ኖራና የገላ ቅባት ነው።

የአበሻው እንዶድም ከዚህ ወገን ይመደባል። አረፋ የሚሰጠው በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን እንጂ የስብ አሲድ ጨው ስላልሆነ የካልሲየም ሳሙና አይሠራም። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ ምርምሩን የጀመረው በዚህ በሳፖኒን ምክንያት ነው። ፍሬው ቀንድ አውጣንና ዓሣን ስለሚገድል ዛሬ ለገላ መታጠቢያ ይመለስ የሚል ምክር እዚህ አይሰጥም።

ከሁሉ የሚረክሰው መከላከያ የመስታወት መጥረጊያ ጎማ ነው። ካልሲየሙ የሚጋገረው ውሃው በግድግዳው ላይ ሲደርቅ ነው፤ ከታጠቡ በኋላ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች በጎማ መጥረግ አንድ ደቂቃ አይወስድም፤ ሊደርቅ የነበረውን ውሃም ከነማዕድኑ ወደ ፍሳሹ ይሰዳል። በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ማናፈስ ሻጋታውንም ይቀንሳል። በውሃ ፈረቃ ምክንያት በባልዲና በጆግ የሚታጠብ ቤትም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ እንዲያውም የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ሲቆጠብ ግድግዳው ላይ የሚቀረው ሳሙና ይበዛል።

አንዳንድ ሴራሚክ ይህ ሁሉ ተደርጎለትም አያበራም። እንዲህ ያለው በአብዛኛው ለዓመታት በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ወይም በአሸዋማ ዱቄት ሲፈተግ የኖረ ነው። ለማወቅ፣ በደንብ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በባትሪ ብርሃን በጎን በኩል ይታያል፤ የተጠላለፉ ደቃቅ ጭረቶች ከታዩ ፊቱ ላይ የነበረው ብርጭቆ ተፍቋል። አዲስ እድፍ በጭረቶቹ ውስጥ ስለሚያዝ ከሌላው ቀድሞ ይደበዝዛል። እንዲህ ያለው ሴራሚክ አይጸዳም፤ ይቀየራል።